ገና በበረዶ ወራት፦ በባዕድ አገር የሚማር ሰው ባህሉን ስለ ማካፈሉ

(በአዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት፣ ለውጭ አገር ትምህርት ለሚዘጋጁ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተደረገ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



 ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄድ ወጣት ዘወትር የሚሰጠው ምክር ስለ ቪዛ፣ ስለ ቋንቋ ፈተናና ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ስለዚሁም ባልደረቦቼ በሰፊው ያስረዷችኋል። እኔ ግን በየትኛውም የማመልከቻ ቅጽ ላይ የማይገኝ፣ ነገር ግን ሻንጣችሁን ፈትታችሁ ሳትጨርሱ የሚጠብቃችሁን አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ጥያቄው «ከየት መጣህ? አገርሽ እንዴት ያለ አገር ነው?» የሚል ነው። ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ዕውቀትን፣ ሐቀኝነትንና ትዕግሥትን ይጠይቃል።

የተሰበሰብንበት ሰፈር ስም ለዚህ ጉዳይ ይስማማል። አብነት በቋንቋችን ምሳሌ፣ አርአያ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የቀድሞ ትምህርት ቤትም የአብነት ትምህርት ቤት ይባላል። የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ወይም ዜማ ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከሸዋ ወደ ወሎ ይጓዝ ነበር። በወሎ ገጠርም ደረሳው የታወቀ ሼኽ ወዳለበት መንደር እየሄደ ቂርአቱን ይቀራ ነበር። ሁለቱም በደረሱበት አገር እንግዶች ነበሩ፤ ሁለቱም «ከወዴት መጣህ?» ተብለዋል። ለትምህርት ሲሉ ከቤት መራቅ ከአውሮፓ የመጣልን ልማድ አይደለም። አዲሱ ነገር የመንገዱ ርዝመትና የብርዱ ጽናት ነው።

1. ክረምት የትኛው ነው?

ከቃሉ እንጀምር። የአውሮፓውያንን የብርድ ወራት በአማርኛ «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። በቤተ ክርስቲያን የወቅቶች አቆጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው የዝናብ ዘመን ነው። ለገበሬው የእርሻና የዘር ወራት፣ ለተማሪው የዕረፍት ጊዜ ነው። የሰሜን አውሮፓ ብርድ የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይኸውም እኛ ሰማዩ ጠርቶ እህሉ በአውድማ ላይ በሚወቃበት ወራት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ በጥር ወር ደውሎ «ክረምቱ ከበደኝ» ቢል፣ እናቱ ቃሉን ሰምታለች እንጂ ነገሩን አልሰማችም።

በረዶም እንደዚሁ ነው። እኛ በረዶ የምንለው በሐምሌ የቆርቆሮ ጣራውን እየደበደበ ወርዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቀልጠውን ነው። የዚያ አገሩ በረዶ ድምፅ የለውም። ሌሊት ወርዶ ጠዋት መንገዱን፣ መኪናውን፣ የዛፉን ቅርንጫፍ ሸፍኖ ይገኛል፤ ለሳምንታትም ይቆያል። በአማርኛ አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን በዕለት ንግግሩ አይጠቀምበትም፤ አያስፈልገውምና።

ይህን ያነሣሁት ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ከታላላቅ በዓሎቻችን መካከል ሁለቱ፣ ገናና ጥምቀት፣ የሚውሉት በዚሁ የባዕድ ክረምት እምብርት ላይ ስለሆነ ነው። እኔ የዶክትሬት ትምህርቴን የተከታተልሁት በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ነው። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 24 እና 25 ሱቁ ይዘጋል፣ የተማሪው መኖሪያ ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም ወደ እናት አባቱ ቤት ይሄዳል። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ገና በጾም ላይ ነው። የራሱ በዓል ታኅሣሥ 29 ሲደርስ፣ ማለትም በጃንዋሪ 7፣ ከተማው ጌጡን ማውረድ ጀምሯል። በስዊድን የመጀመሪያው የትምህርት ወቅት የሚያበቃው በጃንዋሪ አጋማሽ ስለሆነ ያ ሰሞን የፈተና ሰሞን ነው። ሌላው ሲያከብር እርሱ ብቻውን ነው፤ እርሱ ሲያከብር ሌላው ሥራ ላይ ነው። «ነገ እኮ ገና ነው» ብሎ ለጓደኛው ሲናገር የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ «አላለፈም እንዴ?» የሚል ነው። ባህልን የማካፈል ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህች አጭር ንግግር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ሰዓት ያለው ጥያቄ ነው። እኛ ሰዓትን የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለች፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ ሳትርቅም ትጠልቃለች። አቆጣጠራችን ከሰማዩ ጋር የተስማማ ነው። ኡፕሳላ ወደ 60 ዲግሪ ትጠጋለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ «ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው» ብዬ ሳስረዳ፣ አንዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያመለከተ «እዚህ ብትወለዱ ኖሮስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። የሰዓት አቆጣጠራችን የተፈጠረው በዚህች ምድር ለሚኖር ሰው ነው። ቦታውን ካላስረዳን ባህሉ አስገራሚ ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ቦታውን ካስረዳን ግን ሰሚው ምክንያቱን ይረዳል።

እንጀራም ይህንኑ ያስተምራል። በአዲስ አበባ ሙቀት በሁለትና በሦስት ቀን የሚቦካ ሊጥ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ተማሪዎች ሊጡን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከማሞቂያው አጠገብ ያስቀምጣሉ። እርሾ ምን እንደሆነ፣ አብሲት ለምን እንደሚጣል አንድም ቀን ጠይቆ የማያውቅ ወጣት በዚያ ክረምት ለእናቱ ደውሎ ይጠይቃል። እናቱም በእጇ የምታውቀውን በቃል ለማስረዳት ትገደዳለች። ስለዚህ ባህላችንን ለሌላው ከማካፈላችን በፊት ለራሳችን እንማረዋለን።

2. ከእኛ በፊት የተጠየቁ

ይህ ጥያቄ ለእኛ ትውልድ የቀረበ የመጀመሪያ ጥያቄ አይደለም። ሦስት ሰዎችን ላስታውሳችሁ።

የመጀመሪያው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፣ በሮም በኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ምሁር አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር፤ ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1652 በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ሄዱ፤ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥትም ለጥቂት ወራት ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ልማድና ቋንቋ ተጠየቁ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚያነበው ብዙው ነገር ተረት ነበር። እስፓኛዊው ሉዊስ ዴ ኡሬታ እ.ኤ.አ. በ1610 ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ሲያሳትም፣ እንዲህ ያለውን ተረት የነቀፈው በአባ ጎርጎርዮስ ምስክርነት ላይ ቆሞ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ላይ አረፉ።

ከእርሳቸው የምንማረው ይህ ነው፦ ስለ አገራቸው በተረት መልክ የሚያምር ነገር መናገር ይችሉ ነበር፤ ሰሚውም ደስ ይለው ነበር። እርሳቸው ግን የሚያውቁትን መሰከሩ። ዛሬ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ መሠረቱን የጣለው በአንድ ጠያቂና በአንድ መላሽ መካከል በተደረገ ንግግር ነው።

ሁለተኛው የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። አብሯቸው የሠራው ኦይገን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 የአማርኛ የቃል ሥነ ጽሑፍ ናሙናዎችን አሳተመ፤ ኋላም ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ የሚናገር የአማርኛ ጽሑፍ አወጣ። እስቲ አስቡት፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ የእኛ አገር ልጆች ጨዋታ! አለቃ ታዬ የነገሥታት ታሪክ ሊቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ የመንደር ጨዋታና ተረትና ምሳሌ ከሊቅ አፍ ሊወጣ የማይገባ ተራ ነገር ተደርጎ አልታየም። ባህል ሲባል ላሊበላና አክሱም ብቻ የሚመስለው ወጣት ይህን ልብ ይበል።

ሦስተኛው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ከሦስቱ በእውነት ተማሪ ሆነው የሄዱት እርሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ ገብተው በኦሃዮ በመስኪንጋም ኮሌጅ ተማሩ፤ በመጨረሻም በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1935 በሕክምና ተመረቁ። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ የትምህርት ተቋም ነው። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሐኪምነት አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ከጥቁር አሜሪካውያን መራቅን እንደ ክብር የሚቆጥር ኢትዮጵያዊ አልጠፋም ነበር። መላኩ ግን «አገሬ እንዴት ያለች ናት?» የሚለውን ጥያቄ ሲመልሱ፣ የሚሰሟቸው ሰዎች ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደተጎዱና ከኢትዮጵያ ምን ተስፋ እንደሚያደርጉ አውቀው ነበር። ያን ጊዜ ባህልን ማካፈል ወዳጅ የማፍራት ሥራ ሆነ፤ አገር በተጨነቀች ጊዜም ወዳጅነቱ አገልግሎት ሰጠ።

3. አንድ ዘፈንና አንዲት አየርላንዳዊት

አሁን ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። ከእናንተ መካከል ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ ጓንት ሊገዛ በገባበት ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ዘፈን መስማቱ አይቀርም። የዘፈኑ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ነው። ታሪኩን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 1984፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ምስል ዓለምን አስደነገጠ። አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍና ስኮትላንዳዊው ሚጅ ዩር ዘፈኑን ደረሱ፤ የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ኖቬምበር 25 ቀን ለንደን ላይ ተሰብስበው ቀረጹት። ገቢው ለተራበው ሕዝብ ርዳታ ዋለ። ይህን መልካም ሥራ መካድ አይገባም።

ርዕሱ ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ነው። የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን የተቀበለው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ገናን ያውቃሉን ተብሎ የተጠየቀላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከወሎና ከትግራይ የመጡ፣ የላሊበላን የገና በዓል በእግራቸው ተጉዘው የሚያከብሩ ሰዎች ዘመዶች ነበሩ። ከመካከላቸውም ገናን የማያከብሩ፣ ነገር ግን ጎረቤታቸው የሚያከብርበትን ቀን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሙስሊሞች ነበሩ። ያልታወቀው የገና ቀን ሳይሆን የእነርሱ ማንነት ነበር።

በኡፕሳላ አብራኝ የታሪክ ትምህርት ከምትከታተል አንዲት አየርላንዳዊት ተማሪ ጋር ወዳጅነት የጀመርነው በዚሁ ዘፈን ሳቢያ ነው። በትምህርት ክፍሉ የቡና ዕረፍት ላይ፣ ስዊድናውያን «ፊካ» በሚሉት፣ ዘፈኑ ከሬዲዮ ሲሰማ አየችኝና «ይህን ስትሰማ ምን ይሰማሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አገሯንም ለመከላከል አልሞከረችም። ጠየቀች ብቻ። እኔም ከላይ ለእናንተ የነገርኋችሁን ነገርኋት። በ1977 እኔ በዚህ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የምሄድ ልጅ እንደነበርሁና ረኃቡን እኔም በሩቅ እንደሰማሁት ጨመርሁላት።

ከዚያ በኋላ በዚያ ክረምት ብዙ ተነጋገርን። እርሷም የአገሯን ነገር አካፈለችኝ። በአየርላንድ፣ በተለይም በደቡብ ምዕራብ በኮርክና በኬሪ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን «የሴቶች ገና» ይባላል። በዚያ ቀን ሴቶች ከቤት ሥራ አርፈው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ ወንዶች ማጀት ይገባሉ። የእኛ የገና ዋዜማ በዚሁ ቀን ስለሚውል፣ አንደኛው ቤት ሴቶች የሚያርፉበት ሌላው ቤት ሴቶች የሚደክሙበት ዕለት መሆኑን ስንገነዘብ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አሰብሁበት። ባህልን ማካፈል የሌላውን ባህል ብቻ ሳይሆን የራስንም እንድንመረምር ያስገድዳል።

የገና ጨዋታን ነገርኋት፦ የተቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበ እሩር፣ መንደር ከመንደር የሚጋጠምበት፣ ለዕለቱ ጌታና ሎሌ የሚተካከሉበት ሜዳ። ገና ገለጻዬን ሳልጨርስ ወረቀት አንሥታ የእነርሱን «ኸርሊንግ» የሚባል ጨዋታ ዱላ ሣለችልኝ። ቅርጹ የእኛው የገና ዱላ ዘመድ ይመስላል፤ ከአንድ ዓይነት ጠንካራ ዛፍ ይጠረባል፤ ጨዋታውም እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እነርሱ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማኅበር አደራጅተው፣ ደንብ ጽፈውለት፣ በየደብሩ ቡድን አቋቁመውለት በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት ይጫወቱታል። የእኛ ገና በከተማ ከዓመት አንድ ቀን በቴሌቪዥን የሚታይ ትርኢት ለመሆን ተቃርቧል። ይህን ያወቅሁት የራሴን ጨዋታ ለሌላ ሰው በማስረዳት ላይ ሳለሁ ነው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን፣ እኛ የጥር ወር ሲገባደድ፣ የቅድስት ብሪጂድ በዓላቸው ነው። በዚያ ዕለት ከረግረግ ቦታ የሚቀጠፍ ቄጤማ መሰል ሣር ጎንጉነው መስቀል ይሠሩና በበራቸው ላይ ይሰቅላሉ። እኔም በቅዳሜ ሹር ካህናቱ ስለሚያድሉት፣ ምእመናን በራሳቸው ላይ ስለሚያስሩት ቄጤማ፣ ለቡናና ለዓመት በዓል ወለል ላይ ስለሚጎዘጎዘውም ነገርኋት። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች ከረግረጉ ዳር ያንኑ ሣር ቀጥፈው ለበዓላቸው አከበሩት። የምክንያቱን ዝምድና ለመመራመር አልሞከርንም፤ መመሳሰሉን ማየት በቂያችን ነበር።

ነገር ግን እውነተኛው መተዋወቅ የመጣው በበዓል ወሬ አልነበረም። አንድ ምሽት ስለ ረኃብ ተነጋገርን። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም በመርከብ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ ከአገሪቱ እህል ወደ ውጭ ይጫን ነበር። እኔም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ስለ ነበረው ስለ ክፉ ቀን፣ የከብት በሽታ በሬዎችን ጨርሶ ገበሬው በእጁ እንደቆፈረ፣ አያቶቻችን ያን ዘመን ሲያስታውሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር ነገርኋት። እርሷም የእነርሱ ሽማግሌዎች እንደዚያው እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ እኔ ለእርሷ የረኃብ አገር ሰው አልነበርሁም፤ እርሷም ለእኔ የሰጪዎች አገር ሰው አልነበረችም። ሁለታችንም ረኃብ የደረሰባቸው ሕዝቦች የልጅ ልጆች ነበርን።

ውድ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ ውጭ አገር ስትሄዱ ስለ ረኃብ ስትጠየቁ ታፍራላችሁ፣ ወይም ትቆጣላችሁ። «እኛ ነፃነታችንን የጠበቅን፣ የራሳችን ፊደል ያለን ሕዝብ ነን» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ረኃቡም እውነት ነበር፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም አልቀዋል። ያፈርንባቸው እንዳይመስል ሙታኖቻችንን መደበቅ አይገባንም። ፊደሉንም ረኃቡንም የሚናገር ሰው ይታመናል። ፊደሉን ብቻ የሚናገር አስተዋዋቂ ይባላል።

4. የአንድ ሥዕል አደጋ

በየዩኒቨርሲቲው «የአገሮች ምሽት» የሚባል ዝግጅት አለ። በዚያ ምሽት እያንዳንዱ አገር አንድ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ፦ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሞሰብ፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ፣ ሦስት ዓይነት ጭፈራ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። እኔም ጀበና ይዤ ቆሜበታለሁ። ነገር ግን አገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይበቃም።

እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አብነትን ከመርካቶ የሚለያት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በዚህ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ የደመራ ችቦ የሚያበራ፣ ለኢድ ዘመዱን የሚጠራ፣ ለመስቀል ወደ ጉራጌ ገጠር ተሳፍሮ ክትፎና ቆጮ የሚበላ ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖራል። ዩኔስኮ ከኢትዮጵያ የመዘገባቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ፦ የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013፣ የሲዳማው ፊቼ ጨምበላላ በ2015፣ የኦሮሞው የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሪው ሹዋሊድ በ2023። አንድ ተማሪ «በኢትዮጵያ እንዲህ እናደርጋለን» ባለ ቁጥር፣ እንዲያ የማያደርግ ኢትዮጵያዊ ከአጠገቡ ቆሞ እየሰማ ሊሆን ይችላል። በእኔ ዘመን ከጠረጴዛው ኋላ ቆመው፣ የሚቀርበው ነገር ሁሉ ከእነርሱ ቤት ያልመጣ፣ ዝም ብለው ሰሃን የሚያጥቡ ወንድሞችና እኅቶች አይቻለሁ። ለባዕድ ባህልን የሚያካፍል ሰው አስቀድሞ ለወገኑ ቦታ ያካፍል። መድኃኒቱም አስቸጋሪ አይደለም፤ «በእኛ ቤት»፣ «በእኛ አካባቢ» ብሎ መናገር በቂ ነው። ይህ ንግግር አገርን አያሳንስም፤ እንዲያውም ሰሚው «በሌላውስ አካባቢ?» ብሎ እንዲጠይቅ በር ይከፍትለታል።

ሌላም የማስጠንቅቃችሁ ነገር አለ። የተካፈለ ነገር ባለቤቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጥቶ እንደነበር አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ጉዳዩን መርምሮ ነገሩ አዲስ ፈጠራ የለበትም ሲል በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ጥበብ በጽሑፍ ተመዝግቦ፣ በጥናት ታውቆ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በአጭሩ ባለቀ ነበር። ስለዚህ በምግብ ሳይንስ፣ በሕግ፣ በዕፅዋት ጥናት ለመማር የምትሄዱ ልጆች፣ የእንጀራው ጠረጴዛ ለእናንተ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስም ሊሆን እንደሚችል አትዘንጉ።

5. ለሚሄዱና ለሚልኩ

እንግዲህ ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ለሚሄዱት የምለው ጥቂት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። አያቶቻችሁን ስለ ክፉው ጊዜ፣ እናቶቻችሁን ስለ እርሾው፣ ቄሱንና ሼኹን በዓሉ በዚያ ቀን ስለሚውልበት ምክንያት፣ የሌላ ብሔረሰብ ጎረቤታችሁን ስለ አዲስ ዓመቱ ጠይቁ። ይህ ከሻንጣው ክብደት የማይቆጠር ስንቅ ነው። እዚያም ስትደርሱ የማታውቁትን ስትጠየቁ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ። በዚህ ዘመን መልሱ በስልክ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራቸውም።

ከሁሉ በላይ፣ መልሳችሁ ጠይቁ። ስለ አገራችሁ ለሁለት ሰዓት ተናግራችሁ ስለ ጓደኛችሁ አገር አንድም ነገር ሳትጠይቁ ከተለያያችሁ፣ ያ ንግግር ትምህርት አይባልም። ስዊድናዊው ስለ ፊካው፣ አየርላንዳዊቷ ስለ ቄጤማ መስቀሏ፣ ሕንዳዊው ስለ ዲዋሊው የሚናገረው አለው። እነርሱም ብዙዎቹ ከቤታቸው የራቁ፣ በዚያ ጨለማ ወራት የእናታቸውን ወጥ የሚናፍቁ ልጆች ናቸው።

ለወላጆች ደግሞ ይህን ልበል። ልጃችሁ ታኅሣሥ 29 ቀን ሲደውል «ምን በላህ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ይህ የወላጅ ወግ ነው። «ከማን ጋር በላህ?» የሚለውንም ጨምሩበት። ልጃችሁ ብቻውን ከበላ ምክር ያስፈልገዋል፤ ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ ከበላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ እጁን ወደ እንጀራው እንዴት እንደሚሰድ የሚማር አንድ እንግዳ ካለ ደስ ይበላችሁ። ልጁ አገሩን አልረሳም፤ የሄደበትን አገርም አልናቀም።

ከእናንተ መካከል ወደ ብርዱ አገር የሚሄዱት ከጥቂት ወራት በኋላ በቀን ስድስት ሰዓት ብርሃን ባለበት ምድር ይከርማሉ። የሚጠይቋችሁ ሰዎች በአብዛኛው በቅንነት የሚጠይቁ ናቸው። የምትመልሱት መልስ ለአንዳንዶቹ ስለ ኢትዮጵያ በሕይወታቸው የሚሰሙት ብቸኛ የሰው ምስክርነት ይሆናል። እውነተኛና ሙሉ አድርጉት።

 እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።